በድንገተኛ ማረፊያ ጊዜ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በተጨናነቀ ኤርፖርት ላይ አውሮፕላኖች ተራ ይዘው ያርፋሉ። አንዱ ጭንቅ ሲገጥመው ግን ሌሎቹ ይዘገያሉ ወይም ወደ ሌላ ኤርፖርት ይላካሉ፣ ማኮብኮቢያውም ይለቀቅለታል። ይህ የሚሆነው አብራሪው ችግሩን በስሙ ሲጠራው ነው።

ጭንቅን አለሳልሶ መናገር፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ የተነሳው የአቪያንካ በረራ 52 ወደ ኒውዮርኩ ኬኔዲ ኤርፖርት ሲያመራ፣ በመጥፎ አየርና በወረፋ ምክንያት በድምሩ 77 ደቂቃ ያህል አየር ላይ ሲዞር ቆየ። ረዳት አብራሪው መሬት ላይ ያሉትን የበረራ ተቆጣጣሪዎች «ቅድሚያ» ጠየቀ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ዋና አብራሪው አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገር አዘዘው። እርሱ ግን የተሰጠውን አቅጣጫ ደገመና «ነዳጅ እያለቀብን ነው» የሚለውን ከኋላ አስከተለ። አዲሱ ዙር ለነዳጁ ይመቸው እንደሆነ ሲጠየቅም «ይመስለኛል፤ በጣም አመሰግናለሁ» አለ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። እሳት እንኳ አልተነሳም፤ የሚነድ ነዳጅ አልነበረማ! «አላስቸግራችሁ» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ትሕትና እንግዳ አይደለም፤ ለዚህም ነው ታሪኩ አብዝቶ የሚያመኝ። የአብራሪዎች የጭንቅ ጥሪ የሆነው «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ መባል ነበረበት።

በቅብብሎሽ መልእክት ማጉደል፦ ያው አውሮፕላን ወደ ተጠባባቂው ኤርፖርት ወደ ቦስተን መድረስ እንደማይችል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ቃሉ ከተቆጣጣሪ ወደ ተቆጣጣሪ ሲተላለፍ መንገድ ላይ ቀረ።

አብራሪውን በጥያቄ ማዋከብ፦ አብራሪ አስቀድሞ አውሮፕላኑን ያበራል፣ ቀጥሎ አቅጣጫ ይይዛል፣ መናገሩ ከዚያ በኋላ ነው። የተሳፋሪው ቁጥርና የነዳጁ መጠን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ያስፈልጋል፤ ቢሆንም የሚጠየቀው ፋታ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከኒውዮርኩ ላጓርዲያ ኤርፖርት የተነሳው በረራ 1549 ከወፎች ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል ሲያጡ፣ ተቆጣጣሪው ወዲያው ከኤርፖርቱ የሚነሱ በረራዎችን አስቆመ፤ ማኮብኮቢያም አቀረበለት። አብራሪው አይሆንም ሲለው ሌላ አማራጭ ፈለገለት። አውሮፕላኑ ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ።

ሻንጣ መፈለግ፦ ይህኛው የተሳፋሪው ስህተት ነው። አንድ ሻንጣ መተላለፊያውን ሲዘጋ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ይቆማል። በጃንዋሪ 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከባሕር ጠባቂዎቹ አምስቱ ሞቱ። በሚነደው ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን «ሻንጣችሁን ተዉ» የሚለውን ትእዛዝ ሰምተው ሁሉም ወጡ።