ስልክ ይዞ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኦፕሬሽን ክፍል የሚገባ ሰው ልብሱን ይቀይራል፣ ጫማውን ይቀይራል፣ ፀጉሩን ይሸፍናል። ስልኩ ግን ታክሲ ውስጥም ምሳ ቤትም ሽንት ቤትም የነበረው ያው ስልክ ነው። ኪስ ውስጥ ሆኖ ሰተት ብሎ ይገባል። በር ላይ «ስልክ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ብዙም አይሠራም። ተረኛው የሚጠራው በስልክ ነው፤ የመድኃኒት መጠንም የሚሰላው በስልክ ነው። ስለዚህ መግባቱ እንደማይቀር አምኖ ስህተቶቹን ማረም ይሻላል።

እጅን አጽድቶ ስልክ ማንሳት። ዋናው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ከተማ የወጣ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። 40 የሰመመን ሐኪሞች እጃቸውን በአልኮል አጸዱ፤ ከዚያ እዚያው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ በገዛ ሞባይላቸው አጭር ጥሪ አደረጉ። እጃቸው ሲመረመር 38ቱ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ። በቋሚ ስልክ ሲደውሉም ውጤቱ ብዙ አልተሻለም፤ ሞባይልን ብቻ የሚወነጅል ሰው ይህን ልብ ይበል።

ስክራብ ያደረገው፣ ማለትም ለኦፕሬሽኑ እጁን ታጥቦ ከጀርም የጸዳ ጓንትና ጋውን የለበሰው ሐኪም፣ ስልክ አይነካም፤ ሲደወልለት ሌላ ሰው ጆሮው ላይ ይይዝለታል። አደጋው ያለው ያ የሚይዝለት ሰው ጋ ነው። ሰመመን ሰጪው ወይም ሰርኩሌቲንግ ነርሷ (ክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረች ዕቃ የምታቀብለው) ስልኩን ዘግተው፣ በዚያው እጅ ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ) ከፍተው መድኃኒት ይሰጣሉ። ባክቴሪያው ቁስሉ ጋ መድረስ እንኳ አያስፈልገውም፤ በደም ሥር ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከስልክ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ እጅን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በአልኮል ማሸት።

«ጓንት አድርጌያለሁ» ብሎ መዘናጋት። ጓንቱ ከስልኩ የሚጠብቀው እርስዎን ነው፤ ሕመምተኛውን አይደለም።

ስልክን ባገኙት ነገር መወልወል። በረኪና ብረት ይበላል፤ ስልክዎንም አይምርም። «ጠንከር ያለ አልኮል ይሻላል» የሚለውም ልክ አይደለም። 70 በመቶው ከ96 በመቶው የተሻለ ይገድላል፤ ምክንያቱም የባክቴሪያውን ፕሮቲን ለማበላሸት ውኃ ያስፈልጋል፣ ንጹሑ አልኮል ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ስልኩን አጥፍተው፣ ካቨሩን አውጥተው፣ ለስላሳ ጨርቅ በ70 በመቶው አልኮል አርጥበው ሁለቱንም ለየብቻ ይወልውሉ። ስልኩ ላይ አይርጩበት። ከዚያ በራሱ ይድረቅ። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልን (ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ነው) የመሰሉ ባክቴሪያዎች ስፖር፣ ማለትም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚያንቀላፋው መልካቸው፣ ግን በአልኮል አይሞትም፤ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ካለ ስልኩ ውጭ ይቅር።

ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ፣ ወይም መናቅ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የቱርክ ጥናት የ200 የጤና ባለሙያዎችን ስልክ መርምሮ 94.5 በመቶው ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። አብዛኛው ቆዳችን ላይ የሚኖር ዓይነት ነው፤ ስልክ ላይ መገኘቱም ሕመምተኛው ከዚያ ተይዟል ማለት አይደለም። «እንግዲያው ችግር የለውም» ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። ቆዳ ላይ ምንም የማያደርገው ባክቴሪያ፣ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ወራት የሚፈጅ ጣጣ ያመጣል። ቁስል የሚያመረቅዘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ደግሞ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። እኔን ከ94.5ቱ ይልቅ የከነከነኝ፣ በዚያው ጥናት ስልኩን አዘውትሮ የሚያጸዳው ከአስር አንድ ሰው ገደማ መሆኑ ነው።

በስልክ መብራት መሥራት። መብራት ሲጠፋ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቁስሉ ላይ ያበራል። በዚያ ሰዓት ማንም «ወልውለኸዋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅም አይቻልም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ርካሽ ነው፤ ሁለቱን እጅም ነፃ ያደርጋል። ጠዋት የሰመመን ማሽኑ ሲፈተሽ እሱም አብሮ ይፈተሽ፣ ቻርጅ ይደረግ።