አሮጌ የታሚል ፋይል ሲከፈት የማይነበብ ፊደል ቢያሳይ፦ ችግርና መፍትሄ

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በደቡብ ሕንዷ ቼናይ ወይም በስሪላንካዋ ጃፍና በታሚል ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ሲከፈት የተዘበራረቀ ፊደል ቢያሳያችሁ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትሰርዙት። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው።

ሁሉም የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኗል

«ታሚል» የሚለው ቃል ጄ፣ ኬ፣ ፒ፣ ኦ እና ሴሚኮለን ሆኖ ከታያችሁ፣ የተጻፈው ባሚኒ በሚባለው ፎንት ወይም በዘመዶቹ ነው። የስሪላንካ ታሚሎች በብዛት ሲጽፉበት የኖሩት በእሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቋንቋ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ከመስፋፋቱ በፊት ፎንት ሠሪዎች የታሚልን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ይስሉት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ጄን ነው፤ ፎንቱ ግን «ተ»ን ያሳያል። ፎንቱ ከሌለ ጄ ራሱ ብቅ ይላል። አሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶቻችንም በዚሁ ዘዴ ስለሠሩ፣ የድሮ የአማርኛ ሰነድ የከፈተ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የፎንቱን ስም ያዙ። በዎርድ ጽሑፉን መርጣችሁ የፎንት ሳጥኑን እዩ፤ ፎንቱ ባይጫንም ስሙ እዚያ ይታያል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፎንቱን መጫን ይበቃል። ስልክ ላይ እንዲነበብና በፍለጋ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ ግን እንደ ኤንኤችኤም ኮንቨርተር ባለ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አምጡት።

እንግሊዝኛው ይነበባል፣ ታሚሉ ባለጭረትና ባለነጥብ ፊደል ሆኗል

ይህ ቲስኪ ወይም ታብ በሚባሉት የድሮ የታሚል ፊደል አቀማመጦች የተጻፈ ነው። ሁለቱም የመጀመሪያዎቹን 128 ቦታዎች ለእንግሊዝኛ ትተው ታሚልን ከዚያ በላይ አስፍረውታል። የፋይሉን ኮፒ አውጥታችሁ በመቀየሪያው አንዱን ሞክሩበት፤ ግማሹ ታሚል ግማሹ ዝብርቅርቅ ከሆነ ሌላውን ምረጡ። በፈረንጆቹ 1998 የተጀመረው ፕሮጀክት ማዱራይ የታሚልን ጥንታዊ ጽሑፎች በቲስኪ ሲያወጣ ቆይቶ በዩኒኮድም አቅርቧቸዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ለዚህ ሥራቸው ትልቅ ክብር ይገባቸዋል።

ተቀይሯል፣ ግን አናባቢው ቦታውን ስቷል

በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው። በታሚል የ«ኤ» እና የ«አይ» ምልክት ከተነባቢው በስተግራ ይጻፋል። አሮጌዎቹ ፎንቶች ዓይን እንደሚያየው ምልክቱን ያስቀድማሉ፤ ዩኒኮድ ግን ተነባቢውን ያስቀድማል። ቅደም ተከተሉ ካልተስተካከለ ምልክቱ ከጎረቤት ፊደል ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ነጠብጣብ ክብ ይዞ ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ ፊደልን በፊደል መተካት ብቻ አይበቃም። የ«ኦ» ምልክት ደግሞ ተነባቢውን ከግራና ከቀኝ ያቅፋል። ሁለቱ ቁርጥራጮች ወደ አንድ ምልክት ካልተዋሃዱ ለዓይን ልክ መስለው በፍለጋ ላይገኙ ይችላሉ።

መቀየሪያውም የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የ«አው» ምልክት የቀኝ ክፍል ከአንዱ የ«ለ» ፊደላቸው ጋር በመልክ አንድ ነው። በዚህ ምክንያት «ጋውሪ» የሚለው የሴት ስም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ፊደል ይወጣል። ይህን የሚለየው ታሚል የሚያነብ ሰው ነው፤ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አስነብቡት።

ስትጽፉ ፊደሉ ይገለባበጣል

የድሮ ታይፕራይተር የለመደ እጅ የ«ኤ»ን ምልክት ያስቀድማል። በፈረንጆቹ 1999 የሕንዷ ታሚል ናዱ ግዛት መንግሥት የተቀበለው ታሚል 99 ኪቦርድ ግን ተነባቢውን አስቀድሞ ይፈልጋል። ከኪቦርድ ምርጫው ውስጥ የታይፕራይተሩን አቀማመጥ ምረጡ።

የመጀመሪያውን ፋይል ደግሞ ከፎንቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ስህተት ሲገኝ የሚመሳከረው ከእሱ ጋር ነው።