ስዊቹ ራሱ እየጠፋ ሲነሳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክቱ

መላው ቢሮ ድንገት ኔትወርክ ያጣል። ኮምፒውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ የአይፒ ስልኩም አንድ ላይ ይቋረጣል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ከዚያ ያው ነገር ይደገማል።

መጀመሪያ የሚወቀሰው መብራት ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ። ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ስዊቹ (የቢሮውን ዕቃዎች በኔትወርክ የሚያገናኘው ሳጥን) ራሱ ምን እንደሚል እዩ። የሲስኮ ስዊች ከሆነ ኮንሶሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት) ላይ «ሾው ቨርዥን» (show version) ብላችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳበትን ምክንያት አንብቡ። «ፓወር ኦን» ካለ ኤሌክትሪኩን፣ ዩፒኤሱንና ገመዱን ፈትሹ። «ክራሽ» ወይም «ዎችዶግ» የሚል ቃል ካያችሁ ግን የወደቀው ሶፍትዌሩ ነው። ፍላሹ (የስዊቹ ፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ «ክራሽኢንፎ» የሚል ፋይል ተቀምጦ ከሆነ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በኋላ ይፈለጋል።

መንስኤው

ሶፍትዌር የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ነው። እኔ ካታሊስት በሚባሉት የሲስኮ የድሮ ስዊቾች ላይ ከሁሉ በፊት የማየው ስማርት ኢንስቶልን ነው። አዲስ ስዊች ባለሙያ ሳይሄድለት ከርቀት እንዲዋቀር ተብሎ የተሠራ አገልግሎት ነው። በቲሲፒ ፖርት (የኔትወርክ በር) 4786 ያዳምጣል፣ ፓስዎርድ አይጠይቅም፣ ማንም ሳያበራው በርቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

መጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ላይ ሲስኮ በዚህ አገልግሎት ውስጥ የተገኘውን ክፍተት ይፋ አደረገ። መለያው ሲቪኢ-2018-0171፣ የአደጋ ደረጃው ከ10 9.8 ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ መልእክት ወደዚህ ፖርት ሲላክ ስዊቹ ከተመደበለት ሜሞሪ አልፎ ይጽፋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። መልእክቱ በተላከ ቁጥር ይወድቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አጥቂው የራሱን ኮድ ማስኬድ መቻሉ ነው።

ስዊቹ ባዶ ሆኖ ከተነሳ

ይህ ሌላ ምልክት ነው። ስዊቹ ይነሳል፣ ኮንፊጉ (የተዋቀረበት ቅንብር) ግን የለም፤ እንደ አዲስ ዕቃ ላዋቅርህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኢራንና ሩሲያ ውስጥ የደረሰው እንዲህ ያለ ነው። ኮንፊጉ ጠፍቶ በቦታው የአሜሪካ ባንዲራና «በምርጫችን አትጫወቱ» የሚል መልእክት ተገኘ። የኢራን መንግሥት በአገሩ ብቻ 3,500 ስዊቾች መጠቃታቸውን ተናገረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኮንፊግ ለመስረቅም ሆነ ለመቀየር ያ ክፍተት የግድ አያስፈልግም። አገልግሎቱ ማንነት ስለማይጠይቅ ፖርቱ ክፍት መሆኑ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን አፕዴት አድርጎ ስማርት ኢንስቶልን እንደበራ መተው ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

መፍትሄው

«ሾው ቪስታክ ኮንፊግ» (show vstack config) በሉ፤ «ቪስታክ» ስማርት ኢንስቶል በትእዛዝ ውስጥ የሚጠራበት ስም ነው። ሮሉ «ክላየንት»፣ ሞዱ «ኢነብልድ» ካለ በርቷል። ኮንፊግ ሞድ ውስጥ ገብታችሁ «ኖ ቪስታክ» (no vstack) ጻፉና ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ከሥራ ሰዓት ውጪ ስዊቹን ሪስታርት አድርጋችሁ ድጋሚ እዩት። በአንዳንድ ቨርዥኖች ላይ ከሪስታርት በኋላ ተመልሶ ይበራል።

ትእዛዙን የማይቀበል ቨርዥን ከሆነ ፖርት 4786ን በአክሰስ ሊስት (ማን እንዲገባ የሚወስን ዝርዝር) ዝጉ። ከኢንተርኔት በኩል ደግሞ ፋየርዎሉ ላይ በማንኛውም ሁኔታ ይዘጋ። ቀጥሎ አፕዴት።

ኮንፊጉ የጠፋባችሁ ከሆነ ከባክአፕ መልሱ፤ ግን ፖርቱን ሳትዘጉ ገመዱን አትሰኩ። ኮንፊጉ ተሰርቋል ብላችሁም ቁጠሩት። የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ፣ የኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መቆጣጠሪያ) ኮሚዩኒቲውን፣ የቪፒኤን ቁልፉን ሁሉ ቀይሩ። ኮንፊጉ ውስጥ «ታይፕ 7» በሚባለው ደካማ መደበቂያ የተቀመጠ ፓስዎርድ በሰከንድ ይፈታል።

አሮጌ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ኤፍቢአይ የሩሲያ የስለላ ድርጅት ይህንኑ ክፍተት አሁንም እየተጠቀመበት መሆኑን አስጠንቅቋል። ዒላማው በተለይ ድጋፋቸው ያበቃ መሣሪያዎች ናቸው። አፕዴት የማይመጣለት ስዊች ካላችሁ አገልግሎቱን ዛሬውኑ አጥፉ፣ መተኪያውንም በሚቀጥለው በጀት አስይዙ።