በጠና የታመመ ሕፃን የቀጫጭን ደም ሥሮች ዝውውር እንዴት ይታያል?

በሕፃናት ላይ የደም ግፊት መውረድ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ሰውነታቸው ፈሳሽ ሲያጣ ወይም በከባድ ኢንፌክሽን ሲጠቃ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብ ምቱን ያፋጥናል፣ ደሙም ወደ አንጎልና ወደ ልብ እንዲያደላ ይደረጋል፤ በዚህ የተነሳ ጣቶቹ ደም አጥተው ሳሉ የግፊት መለኪያው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በድንገተኛም ሆነ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ ባለሙያ ከመሣሪያው አስቀድሞ የሕፃኑን እጅ መያዝ ይኖርበታል።

ዋናው ምርመራ ካፒላሪ ሪፊል ነው፤ ይህም ቆዳ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ወደ ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ነው። የሕፃኑን እጅ ከልቡ ከፍታ ጋር አስተካክለው ወይም በጥቂቱ ከፍ አድርገው ይያዙ፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር እስኪነጣ ድረስ በመጠኑ ተጭነው ለ5 ሴኮንድ ያቆዩ፤ ከዚያ በአንዴ ይልቀቁና ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ሴኮንድ በሚቆጥር ሰዓት ይለኩ። እስከ 2 ሴኮንድ መልካም ነው፣ ከ3 ሴኮንድ ካለፈ ግን ዝውውሩ ተጓድሏል ብለው ይጠርጥሩ። በዓይን ግምት «ትንሽ ዘግይቷል» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ተረኛ ምንም አይጠቅምም። ቆዳው ጠቆር ላለ ሕፃን ከክንድ ይልቅ ጥፍሩና መዳፉ የተሻለ ያሳያሉ፤ የክፍሉ ብርሃንም በቂ መሆን አለበት። በደጋ አገር ማለዳ ላይ ጣት በብርድ ብቻ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሕፃኑን አልብሰው ካሞቁ በኋላ በደረት አጥንቱ ላይ ደግመው ይለኩ፤ የለኩበትንም ቦታ ይመዝግቡ፣ የጣትና የደረት ውጤት እርስ በርስ አይነጻጸሩምና። ቀለሙ ከልክ በላይ ፈጥኖ መመለሱም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ትኩሳት ያለበትና ትርታው የሚዘል ሕፃን በኢንፌክሽን ምክንያት ሾክ (የሰውነት ክፍሎች በቂ ደም የማያገኙበት አደገኛ ሁኔታ) ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በእጅዎ ጀርባ ከእግሩ ጣቶች ተነሥተው ወደ ላይ እየዳሰሱ ሙቀቱ የት እንደሚጀምር ይለዩ። ቅዝቃዜው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ከወጣ ሁኔታው እየከፋ ነው። የእጅ አንጓውን ትርታ ጉልበትና ፍጥነት ይመርምሩ፤ ሽንቱም በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ ይከታተሉ። ላክቴት (ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) መለካት የሚቻል ከሆነ ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ የሆነ ውጤት ትኩረት ይሻል፤ ነገር ግን ክንዱ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ደም ወይም አድሬናሊን መድኃኒት ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከምላስ ሥር የደም ሥሮችን የሚያሳዩ ትናንሽ ካሜራዎችም አሉ፤ ሕፃኑ ከተንቀሳቀሰ ወይም ካሜራው ከተጫነ ምስሉ ስለሚበላሽ በአብዛኛው ለምርምር ነው የሚያገለግሉት።

አንድ ምልክት ብቻ አይቶ በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳትና የዝውውር መጓደል የታየባቸውን ከ3,000 በላይ ሕፃናት አካቶ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት ካልተሰጣቸው እንደሚበልጡ አሳይቷል። ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ግን በጥናቱ አልነበሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሾክ የሚባለው እጅና እግር ሲቀዘቅዝ፣ ካፒላሪ ሪፊል ከ3 ሴኮንድ ሲያልፍና ትርታው ደካማና ፈጣን ሲሆን ነው፤ ሦስቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው።

ፈሳሽ በሚሰጥበት ጊዜ ምርመራውን በተመሳሳይ ቦታና በተመሳሳይ አኳኋን እየደጋገሙ በክትትል ቅጹ ላይ ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ። ጣቱ እየሞቀና ጊዜው እያጠረ ከመጣ ሕክምናው እየሠራ ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሳንባው ሲደመጥ የፈሳሽ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ወይም ጉበቱ ካበጠ ግን የካፒላሪ ሪፊሉ ውጤት ምንም ይሁን ምን ፈሳሹን አቁመው ወዲያውኑ ለሐኪሙ ያሳውቁ።