ሞተር ከወረደ በኋላ የትኛው ዕቃ ይመለስ፣ የትኛው ይጣል?

ሞተር ነክሶ (ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሎ) ወይም አፍልቶ ሲወርድ ባለመኪናውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ የቱ ዕቃ ተመልሶ ይገጠም፣ የቱስ በአዲስ ይተካ የሚለው ነው። በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ብዙ ጋራዦች ይህ ውሳኔ የሚሰጠው ዕቃው በናፍጣ ታጥቦ ከተደረደረ በኋላ በዓይን እየታየ ነው። የታጠበ ብረት ግን ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደተጓዘ መታወቅ አለበት፤ አንድን ዕቃ ለመመለስ የሚያበቃው ጉዳቱ ያልደረሰበት መሆኑ እንጂ መልኩ አይደለም።

ምርመራው የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ከሚጣለው ከአሮጌው የዘይት ፊልትሮ ነው። የመጋዝ ብናኝ ከውስጡ ብናኝ ጋር ስለሚቀላቀል ቆርቆሮውን በመቀስ መቁረጥ ይሻላል። ከዚያም ውስጡ ያለውን የታጣጠፈ ወረቀት አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጉና ማግኔት ያስጠጉበት። ማግኔቱ የሚያነሣው ብናኝ ከፋሻ (ከፒስተን ቀለበት)፣ ከካምሻፍት (የአየርና የጭስ መግቢያና መውጫ በሮችን ከሚከፍተው ዘንግ)፣ ከዘይት ፓምፕ ወይም ከክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የመጣ ብረት ነው፤ ማግኔቱ የማይስበው ነጭ ብልጭልጭ በአብዛኛው ከፒስተን የተፋቀ አሉሚኒየም ሲሆን፣ መዳብ የመሰለ ቀላ ያለ ብናኝ ደግሞ የብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ በላዩ የሚዞርበት ስስ ሽፋን) የላይኛው ንብርብር አልቆ ከሥሩ ያለው መበላት መጀመሩን ያሳያል።

ብናኝ ከተገኘ ዘይት የሚያልፍበት ዕቃ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። የናፍጣ ፒክአፔ ብሮንዚና በልቶ ሞተሩ ሲወርድ ክራንክሻፍቱ ተስተካክሎ፣ አዲስ ብሮንዚና ገብቶለት፣ ሁሉም ነገር ያማረ መስሎኝ ነበር፤ ዘይት ማቀዝቀዣው ግን በላዩ ናፍጣ ብቻ ፈስሶበት ተመልሶ ተገጥሞ ኖሮ በቀጭን ክፍሎቹ መካከል የቀረው ብናኝ በሳምንታት ውስጥ አዲሱን ብሮንዚና ፈጀው። ማቀዝቀዣው ውስጡ ስለማይታይና ማጠቢያም በሁሉም ክፍሎቹ እኩል ስለማይደርስ፣ ብሮንዚና በልቶ በወረደ ሞተር ላይ አሮጌውን መመለስ እጅግ ውድ የሆነ ቁጠባ ነው። የዘይት ፓምፑም ተፈትቶ ጥርሶቹና የመያዣው ግድግዳ ካልተፋቁ በቀር መተካት አለበት፤ ቱርቦ ካለም ዘንጉ በእጅ ሲነቃነቅ ልቅ መሆን አለመሆኑ ይታይ። በሞተሩ ብሎክና በክራንክሻፍቱ ውስጥ ያሉት የዘይት ቀዳዳዎች መክደኛቸው ወጥቶ በቀጭን ብሩሽ መጠረግ ይኖርባቸዋል።

ጋራዦች ኮሎ የሚሉት ክራንክሻፍት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ብሮንዚና የሚቀመጥበትን ክብ ክፍል በጥፍር ከዳር እስከ ዳር ሲፍቁት ጥፍሩ የሚይዘው ጭረት ካለ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። ጥፍር ባይይዝም ሞላላ መሆን አለመሆኑ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለካ። የአምራቹ መመሪያ ከፈቀደ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በዚያው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገጠምለታል። ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ግን በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን ማመን ስለማይቻል አይመለስ። ብሮንዚና፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) ምንም ያህል ደህና ቢመስሉ ተመልሰው አይገጠሙ። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብሎኖችም በዲግሪ እየዞሩ የሚጠብቁ ዓይነት ከሆኑ ስለሚለጠጡ፣ መመሪያው ለክቶ መመለስን ካልፈቀደ በቀር በአዲስ ይተኩ።

ሞተሩ የወረደው ከማፍላት ከሆነ ዋናው ጥርጣሬ ወደ ቴስታታው ይዞራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ሲያቅተውና በውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲሆን ከማፍላት የሚለየን ርቀት በጣም ጠባብ ይሆናል። በቴስታታው ገጽ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድመው ከሥሩ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ያስገቡ፤ በብዙ የቤት መኪና ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መመሪያው የሚፈቅደውን ያህል ይላጋል፤ በቫልቮላዎቹ (በአየርና በጭስ በሮቹ) መካከል ስንጥቅ መኖሩ ግን ሁልጊዜ በዓይን ስለማይለይ በግፊት ይፈተሽ። ስንጥቅ የተገኘበትን ቴስታታ በብየዳ ማትረፍ ለአንዳንድ ሰው ሠርቶ ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክረውም።

ቺንጋ (ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን አብሮ የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ ከሆነ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በቫልቮላዎቹና በፒስተኖቹ አናት ላይ ይቆማል። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ውሃ የሳበ ሞተር ከሆነ ደግሞ ቢየላዎቹ ሁሉ ቀጥ ማለታቸው መለካት አለበት፤ በዓይን የማይታይ መታጠፍ ቆይቶ ይሰብራቸዋል።

ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው)፣ ዲናሞ፣ አብዛኞቹ ሴንሰሮችና የነዳጅ መርፌዎች ዘይቱ ስለማይደርስባቸው ተፈትሸው ይመለሳሉ። ቴርሞስታትና የውሃ ጎማዎች ግን ዋጋቸው ከሚያደርሱት ጉዳት ጋር ስለማይመጣጠን አዲስ ይሁኑ፤ ዘይት የነካው የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው) ዲስክም ቢታጠብ መንሸራተቱን አይተውም።

ብሎኩ፣ ክራንክሻፍቱና ቴስታታው ሦስቱም ሥራ የሚፈልጉ ከሆነ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ሙሉ ያገለገለ ሞተር መግዛት ሊረክስ ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ወተት የመሰለ አረፋ ወይም የረጋ ጥቁር ዝቃጭ መኖሩን ይዩ፤ ከተቻለም ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት ቋት) አስወርደው አንድ የብሮንዚና ክዳን ያስከፍቱ። በብሎኩ ላይ የተቀረጸው የሞተር ቁጥር ያልተፋቀ መሆኑን አረጋግጠው በደረሰኙ ላይ ያስጽፉት፤ ሊብሬው ላይ ያለው አሮጌው ቁጥር ካልተቀየረ በዓመታዊ ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ መኪናውን ያስቆመዋል።