ፕሮቴክሽን እያለው ሰርኪቱ ለምን ይወድቃል?

ሰርኪት ማለት ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ጣቢያ በፋይበር የሚሄድ የመገናኛ መስመር ነው፤ ፕሮቴክሽን ደግሞ ዋናው ሲቆረጥ ትራፊኩን የሚረከብ መጠባበቂያ። ለምሳሌ ከደጀን ባሕር ዳር የሚሄድ ሰርኪት በእጃችን ራውት እናድርግ፣ ማለትም መንገዱን ራሳችን እንምረጥለት። ዋናው መስመር በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ይሂድ። መጠባበቂያው ደግሞ በብቸና፣ በሞጣና በአዴት። አስፓልቱን ተከትዬ የሳልኩት ነው፤ የማንም ድርጅት የኬብል ካርታ አይደለም።

ምልክት፦ ፋይበር አንድ ቦታ ተቆረጠ፣ ሁለቱም መስመር አብሮ ጠፋ።

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይታይሃል፣ መሬት ላይ ግን የሆነ ቦታ ሁለቱም አንድ ቦይ ውስጥ ተኝተዋል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ኔትወርኩን የምታስተዳድርበት ሲስተም ኖድና ሊንክ (ጣቢያና ማገናኛ) እንጂ ቦይ፣ ድልድይና ኤክስካቫተር አያውቅም። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ከተማ መግቢያ ላይ ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ተለያይተው የመጡ ኬብሎች መጨረሻ ላይ አንድ ማንሆል ውስጥ ይገናኛሉ። ሰርኪቱ እስከ አዲስ አበባ ከቀጠለ ደግሞ ሁለቱንም በአባይ በረሃ አታሻግራቸው፣ አንደኛው ከቡሬ በነቀምት በኩል ይዙር።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ የኬብል ካርታውን አውጣ። አንድ ቦይ ወይም አንድ ድልድይ ለሚጋሩ ስፓኖች (በሁለት ጣቢያ መሃል ያሉ የመስመር ቁራጮች) ሁሉ አንድ ቁጥር ስጣቸው። ከዚያ ስፓን በስፓን ስትመርጥ አንዱ ቁጥር በዋናውም በመጠባበቂያውም እንዳይገኝ እያየህ ሂድ። ጣቢያ ውስጥም ሁለቱን አንድ ካርድ (ፋይበሩ የሚሰካበት የመሣሪያ ክፍል) ላይ አታሳርፋቸው፣ ካርዱ ሲቃጠል ልፋትህ ሁሉ ገደል ይገባል።

ምልክት፦ ስፓኑን መርጠህ ሲስተሙ እምቢ ይላል።

ወይ መሃል ላይ አንድ ስፓን ዘለሃል፣ ወይ ነፃ ታይምስሎት (በመስመሩ ላይ ለሰርኪቱ የሚሆን ክፍት ቦታ) የለም። ኤስቲኤም-16 በሚባለው የመስመር ፍጥነት ላይ 16 ቪሲ-4 (ትራፊክ የሚጫንባቸው ቦታዎች) አለ፤ ባለ ሁለት ፋይበር ኤምኤስ-ስፕሪንግ (መጠባበቂያውን በጋራ የሚይዝ የቀለበት ኔትወርክ) ከሆነ ግን ግማሹ ለመጠባበቂያ ስለተያዘ በእጅህ ያለው 8 ብቻ ነው። እዚያ ሪንግ ላይ ደግሞ መጠባበቂያውን አንተ አትስልም፣ ሪንጉ ራሱ ይሠራዋል።

ምልክት፦ ሙሉ ፕሮቴክሽን ጠይቀህ ራውት አልገኘም ይልሃል።

መድረሻው ቻግኒ ነው እንበል፣ ከእንጅባራ ወዲያ ያለውም አንድ መስመር ብቻ ነው። ያቺን ቁራጭ ያለ ፕሮቴክሽን ፍቀድላትና ለደንበኛው በግልጽ ንገረው። በዚያው ኬብል ሁለተኛ ኮር (በኬብሉ ውስጥ ያለ ሌላ የፋይበር ክር) መጨመር የካርድ ብልሽት ያድን ይሆናል እንጂ ከአካፋ አያድንም።

ምልክት፦ ፋይበሩ ተቀጥሏል፣ ትራፊኩ ግን ወደ ዋናው አልተመለሰም።

ትንሽ ጠብቅ፣ የመመለሻ ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ካለፈ፣ መመለስ ጭራሽ አልተፈቀደለትም ወይም የሆነ ሰው ፎርስድ ስዊች (ትራፊኩን በግድ ወደ መጠባበቂያው የሚቀይር ትእዛዝ) አድርጎ ሄዷል። እሱን አንሳው። ፕሮቴክሽኑን ስትሞክር ደግሞ ማኑዋል ስዊች (ቀለል ያለውን የመቀየሪያ ትእዛዝ) ተጠቀም፤ መጠባበቂያው ችግር ካለበት አይቀይርልህም። ፎርስድ ግን የሞተ መስመር ላይም ቢሆን ትራፊኩን ይዞት ይሄዳል።