የስኩተር ካምቢዮ ዘይት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይቀየራል?

አንድ ሰሞን ስኩተሬ ከኋላ ጎማዋ በኩል እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረች። ከሁለት ቀን በፊት ጋራዥ ወስጄ የሞተር ዘይት አስቀይሬላት ነበር። ወጣቱ መካኒክ ሥራውን የጨረሰው እኔ ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ነው፤ ፍጥነቱንም አድንቄ ነበር። ቤት ገብቼ ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳያት የሞተሩ ቡሎን አቧራውን እንደለበሰ ነው፤ የካምቢዮው ቡሎን ግን ተጠርጎ ያብለጨልጫል። ልጁ የተሳሳተውን ፈቷል። ካምቢዮው ባዶውን ቀርቷል፤ ሞተሩ ደግሞ በአሮጌው ዘይት ላይ አዲስ ተጨምሮበት ከልኩ በላይ ሞልቷል። የወጣው ዘይት ሁለት ሲኒ የማይሞላ መሆኑ እንኳን አላስገረመውም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።

ስህተቱ ብርቅ አይደለም። አውቶማቲክ ስኩተር ሁለት የዘይት ቤት አለው። አንዱ ሞተሩ ነው። ሌላው ካምቢዮው ነው፦ በግራ በኩል ከኋላ ጎማው ጋር የተያያዘው ትንሽ ሳጥን፤ ከቺንጋው (ከሞተሩ ኃይል ከሚያመጣው ቀበቶ) የሚመጣውን ፈጣን ዙር ቀንሰው ለጎማው የሚያስረክቡ ጥቂት ጥርሶች በውስጡ አሉ። ሁለቱ ዘይቶች አይገናኙም። በመካከላቸው ያለው የቺንጋው ቤት ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። እዚያ ዘይት ካዩ ከሁለቱ የአንዱ የዘይት መከላከያ ላስቲክ አልቋል ማለት ነው። ለሞተሩ የዘይት መለኪያ ዘንግ ተሠርቶለታል፤ ካምቢዮው ግን በአብዛኛው መለኪያም የማስጠንቀቂያ መብራትም የለውም። ስለዚህ ይረሳል፤ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ደግሞ ጥርሱ መበላት ጀምሯል።

በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው)፣ ካንዴላ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። ቬስፓ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 የተወለደው እዚያው ጣሊያን ስለሆነ፣ የእኛ መካኒኮች ስኩተርን በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ያነጋግሩታል ማለት ይቻላል።

የትኛውን ዘይት?

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ጂዋይ6 ስለሚባለው ሞተር ነው፤ ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ስኩተሮች የያዙት እርሱን ወይም ዘመዱን ነው። ካምቢዮው የሚፈልገው ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የማርሽ ዘይት ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ 80ደብልዩ-90 የሚል ቁጥር፣ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ይፈልጉ።

90 የሚለውን አይተው ዘይቱ ከባለ 40 የሞተር ዘይት ከእጥፍ በላይ የሚወፍር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው፤ ባለ 90 የማርሽ ዘይት ውፍረቱ ከባለ 40 ወይም ከባለ 50 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። ዋናው ልዩነት የተጨመረበት ቅመም ነው። ጥርስ ጥርስን በኃይል ሲጫን ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከሉ የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች አሉበት፤ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ አፍንጫ የሚሰነፍጠውም የድኙ ሽታ ነው።

ይሁን እንጂ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘይት የለም። አንዳንድ የሆንዳ ስኩተሮች በዚያችው ሳጥን ውስጥ 10ደብልዩ-30 የሞተር ዘይት እንዲደረግ ያዝዛሉ። በእጅ ማርሽ የሚቀየርለት አሮጌው ቬስፓማ ሌላ ዓለም ነው። ፍሪሲዮኑ ከጥርሶቹ ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ ይዋኛል፤ ፒኤክስ ለሚባለው ሞዴል 250 ሚሊ ሊትር ተራ ኤስኤኢ 30 የሞተር ዘይት ይበቃዋል። «የተሻለ ነው» ተብሎ ጂኤል-5 ቢፈስበት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ከጎረቤት ምክር በፊት የራስዎን ስኩተር መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ።

ሲገዙ ማሸጊያው ያልተነካ ቆርቆሮ ይምረጡ። ከበርሜል በውኃ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን እኔ አልገዛም፤ ለ120 ሚሊ ሊትር ብሎ ስስት አያዋጣም። አንድ ሊትር ከስምንት ጊዜ በላይ ያስቀይራል።

አሠራሩ

ባለ 12 ቁልፍ (አንዳንዴ ባለ 10)፣ ጠፍጣፋ ዕቃ፣ ጨርቅ፣ አዲስ ሮንዴላ (የቡሎን ቀለበት) እና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከቀጭን ቱቦ ጋር ያዘጋጁ።

መጀመሪያ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ይንዱ፤ የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ በመሀል መቆሚያው ያቁሟት። ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እጅ ይልጣል።

አሁን ሁለቱን የካምቢዮ ቡሎኖች ይለዩ። የመሙያው ከሳጥኑ በላይኛው ክፍል፣ የማፍሰሻው ከታች ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የመሙያውን ይፍቱ። የታችኛውን ፈትተው ዘይቱን ከደፉ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል ስኩተሯ ባዶ ካምቢዮ ይዛ ግቢ ውስጥ መቅረቷ ነው። የላይኛው ከተፈታ ዕቃውን ከሥር አድርገው የታችኛውን ይፍቱ።

የሚወጣውን ዘይት ዝም ብለው አይድፉት፤ በደንብ ይዩት። ወርቃማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ደህና ነው። ቡሎኑ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢገኝም አያስደነግጥም፤ አዲስ ጥርስ ሲለማመድ የሚያራግፈው ዱቄት ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ሳጥኑ መከፈት አለበት። ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ ጎርፍ የተኛበት መንገድ ያቋረጠ ስኩተር ብዙ ጊዜ ይህ ይገጥመዋል፤ የሞቀው ሳጥን ድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው ቱቦ ውኃ ይስባል። እንዲህ ከሆነ ቀይረው ጥቂት ቀን ይንዱና እንደገና ይቀይሩ።

የታችኛውን ቡሎን ከአዲሱ ሮንዴላ ጋር ሲመልሱ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት ብቻ ያስገቡ። ሳጥኑ አሉሚኒየም ነው፤ ቡሎኑ ተንጋዶ ከገባ ወይም በጉልበት ከታሰረ የቀዳዳው ጥርስ ይላጣል፣ ያኔ የሃያ ደቂቃው ሥራ ወደ ቶርኖ ቤት ያስኬዳል። ጠበቅ ሲል ያቁሙ።

ሲሪንጁን ሞልተው በላይኛው ቀዳዳ ይጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ ሲሞሉ 120 ሚሊ ሊትር ነው። መመሪያዎ 100 ካለ 100 ላይ ያቁሙ። «ትንሽ ቢበዛ ምን አለበት» አይበሉ። የተረፈው ዘይት ሲሞቅ ላስቲኩን ገፍቶ ይወጣል፤ መውጫው አጠገብ ያለው ደግሞ የኋላ ፍሬን ሸራ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም።

የላይኛውን አስረው አካባቢውን በጨርቅ ይጥረጉ፣ አንድ ዙር ነድተው ይመለሱና ከሥር ያንጠባጥብ እንደሆነ ይዩ። የመጀመሪያው ቅያሪ በ500 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ5,000 ወይም በየዓመቱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሌሎቹ ፈሳሾች

የሞተር ዘይቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ጂዋይ6 ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሊትር 10ደብልዩ-40 ወይም 15ደብልዩ-40 ይወስዳል። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ጃሶ (የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) ኤምቢ የሚለው ዘይት ይስማማዋል፤ ኤምኤ የሚለውም አይጎዳውም። በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ወንፊቱን ከያዘው ትልቅ ክዳን በስተጀርባ ሞላ አለ፤ ሲፈቱት ዘልሎ ዘይቱ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ሲለኩ የመለኪያውን ዘንግ ጠርገው ሳያጠብቁ ብቻ ያስገቡት።

የፍሬን ዘይት ግን ቀልድ አያውቅም። ከአየር ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ሲጠጣ የመፍያው ነጥብ ይወርዳል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፤ ውኃ የጠጣው ግን ደረጃው 155 ነው። ከእንጦጦ ፍሬን ይዘው ሲወርዱ ዘይቱ ቢፈላ እጀታው ባዶ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ የሚፈልገው ዓይነት የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ሲቀይሩ እጀታውን ጨምቀው ይያዙ፣ የአየር ማስወጫዋን ይፍቱ፣ መልሰው ያጥብቋት፣ ከዚያ እጀታውን ይልቀቁ፤ ማጠራቀሚያው አንድም ጊዜ ባዶ እንዳይሆን። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ ይጠቡት፤ ቀለም ይበላል።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ካለዎት የራዲያተር ጉዳይ አይመለከትዎትም። ራዲያተር ካለው ግን የቧንቧ ውኃ ብቻ አይጨምሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኩላንትና የተጣራ ውኃ ግማሽ በግማሽ ሲሆን የተሻለ ይቋቋማል፣ ዝገትም ይከላከላል። ክዳኑን በትኩሱ አይክፈቱ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን ውሻ ሳይልሰው ያጽዱ።

የተቃጠለውን ዘይት በጠርሙስ አድርገው ማጠራቀሚያ በርሜል ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱ። አጥር የሚያጥር ጎረቤት እንጨቱን ከምስጥ ልከላከልበት ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ እኔ አልሰጥም፣ ጉድጓድ ውኃ ካለበት ግቢ ደግሞ ጨርሶ።

ቅያሪውን እንዳልረሳ ኮርቻው ሥር ፕላስተር ለጥፌ ኪሎ ሜትሩን እጽፍበታለሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ «ካምቢዮ፣ 18,400» ይላል። ቆጣሪዋ ዛሬ 23,300 ደርሷል፤ ቅዳሜ ሲሪንጁን አወጣለሁ።